የሽማግሌ ይቅርታ የእምነት ቃል ስለ ተደረገባት የልጅ ልጄ

ቀን፦ የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሠራዊት የስንብት ውሳኔዎች አጣሪ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሕር ዳር

ጉዳዩ፦ በልጅ ልጄ በሃምሳ አለቃ ወንጌላዊት አለበል ላይ የተወሰነው አስተዳደራዊ ስንብት ባልፈረመበት ሰው እንዲታይልኝ ስለ መጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

አስቀድሜ ከዘንዘልማ አንድ ከባድ ዜና በአክብሮት አሳውቃለሁ። ጎመኔን በላችብኝ ብዬ የከሰስኋት የወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ፍየል በነጻ ተለቃለች። ሽማግሌዎች ምስክር ሰሙ፤ አጥሩንም ወርደው አዩ፤ ያላጠርሁት እኔ ሆኜ ተገኘሁ። ይግባኝ ብዬ ሌሎች ሽማግሌዎች ቢያዩልኝም ዳግም ተረታሁ።

ለፍየል የተደረገው ለልጅ ልጄ አልተደረገም።

1. ወንጌላዊት ሠራዊቱን ስምንት ዓመት በነርስነት አገልግላለች። ባለፈው ጥቅምት በሻምበሏ የቃል ትእዛዝ አንድ የታመመ ወታደር ሆስፒታል አድርሳ ሦስት ቀን አስታመመች፤ የሆስፒታሉ ወረቀት ተያይዟል። ስትመለስ «ከክፍልሽ ጠፍተሻል» የሚል ክስ ጠበቃት። ሻምበሉ ወደ ሌላ ክፍል ተዛውረዋል፤ የጠየቃቸው የለም። እሷንም «ምን ትያለሽ?» ያላት የለም።

2. እዚህ ላይ የእኔ እጅ አለበት። ነገሩን ስሰማ እንደ አገሬ ደንብ ለክፍሉ አዛዥ የምልጃ ደብዳቤ ጻፍሁ። እርስዎም እንደሚያውቁት፣ ለምልጃ የሄደ ሽማግሌ ጥፋት ኖረም አልኖረም «አጥፍተናል፣ ይቅር በሉን» ብሎ ይጀምራል፤ ነገሩ የሚጣራው ከዚያ በኋላ ነው። ክሱን ያቀረበው የክፍሉ ኮሚቴ ግን ያችን መስመር ብቻ መዝዞ «ቤተሰቧም ጥፋቷን አምኗል» ሲል አሰናበታት። በዚህ ዕድሜዬ ትሕትናዬ የልጄ ማባረሪያ ሲሆን አይቼ አፌ መረረኝ።

3. ይግባኝ አለች። በአሥራ አንድ ቀን «ውሳኔው ጸንቷል» የሚል መልስ መጣ። የስንብቱንና የይግባኙን ወረቀቶች መስኮት ላይ ደራርቤ ባይ፣ ከሥራቸው ያሉት ሦስት ፊርማዎች ልክክ አሉ። ከሳሾቹ ፈረዱ፤ ይግባኙንም ራሳቸው ሰሙ። ከበላይ አንድ ሰው ዓይኑን አላሳረፈበትም። አስጸየፈኝ፤ የተሻለ የጨዋ ቃል ፈልጌ አጣሁ።

አሁን የከተማው ክሊኒኮች የስንብት ደብዳቤዋን ያነብቡና «እንደውልልሻለን» ይሏታል። ትናንት «አባባ፣ ከእንግዲህ ስለ እኔ ለማንም አይጻፉ» አለችኝ። ይኸው አልሰማኋትም።

ስለዚህ ሻምበሉ እንዲጠየቁ፣ የእሷም ቃል እንዲሰማ፣ መዝገቡን ያልፈረመበት ሰው እንዲያየው፣ ያ ደብዳቤዬም ከማስረጃ እንዲወጣ በትሕትና እለምናለሁ። ይህችኛዋን ትሕትና ደግሞ አደራ፣ እንዳይይዙብኝ።

በመጨረሻ አንድ እውነተኛ ጥፋት ልመን። የፍየሏን ይግባኝ የፈጠርሁት እኔ ነኝ፤ በመጀመሪያው ቀን ተረትቼ ዝም ብያለሁ። ይህን በእምነት ቃልነት ይመዝግቡልኝ። ከልጅቱ ነገር ግን አንድም የፈጠርሁት የለም።

መልስዎን ደጅ ደጁን እያየሁ እጠብቃለሁ፤ ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣

(ፊርማ)
መሪጌታ ጥዑመ ልሳን ዳኘው
የወንጌላዊት አያት