ከግድግዳው ማዶ የመጣ አቤት

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

እታለም፣ እንደምን ከረምሽ? ወገብሽስ እንዴት ነው? ያ በእንፋሎት ተቃጠለ ያልሽን ክንድሽ ጠገገ? የልብስ እጥበት ቤት አለቃሽስ እንደ ድሮው ትጮሃለች ወይስ ጉሮሮዋ ዛለ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። የእናታችን ጉልበት ብቻ ዝናብ ሊመጣ ሲል ከሬዲዮው ቀድሞ ይነግረናል። አባታችን እንደምታውቂው በቀን አንድ ቃል ይናገራል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እሷንም ያሳርፋታል። ታናሽ ወንድማችን ማሙሽም ደህና ነው፣ በሕይወት አለ። ይህን ያልኩሽ በምክንያት ነው፤ ወደ ታች ስትወርጂ ይገባሻል።

ፊደሉን ሰፋ ሰፋ አድርጌ የጻፍኩት አብራሽ የምትኖረው ልጅ ሳታግዝሽ ራስሽ እንድታነቢው ነው። አትቸኩዪ። እንዲህ ያለ ወሬ ተቆጥቦ ነው የሚበላ።

መቼም የትምህርት ቤታችንን ርዕሰ መምህር አልረሳሽውም። አሁን ስሙ ጋሽ ጸጥታ ሆኗል፤ ዝንብ ስታልፍም "ጸጥታ" ስለሚል። አንቺን በጠዋት ሰልፍ ፊት አቁሞ፣ የዚች ልጅ ጭንቅላት ድንጋይ ነው፣ ለስምንተኛ ክፍል ፈተና ብናስቀምጣት ውጤታችንን ነው የምታበላሸው ያለ ቀን፣ እኔ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። ከፊት መስመር ቆሜ ጫማሽን ጫማሽን ነበር የማየው። እናታችን ተጠርታ መጥታ፣ ስለ ምክርዎ እግዜር ይስጥልኝ ብላው ተመለሰች። አንቺም በዚያው ሄድሽ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እኔ ደግሞ ለተወጋችው እህቷ ነኝ፤ ከተወጋችው የባሰ አስታውሳለሁ።

እንግዲህ ከክረምቱ በፊት፣ ከዩኒቨርሲቲ አጥኚዎች ይመጣሉ ተባለ። የመንግሥት ትምህርት ቤት ልጆች አራተኛ ክፍል ደርሰው ማንበብ የሚያቅታቸው ለምን እንደሆነ ነው የሚያጠኑት። ያቃታቸውን ለይተው፣ በክፍላቸው ሳይሆን በችሎታቸው እየመደቡ፣ ጠዋት ጠዋት ለብቻቸው ያስተምሯቸዋል፤ ከዚያ ተመልሰው መጥተው ለውጥ መኖሩን ያያሉ። ማሙሽ ያን ጊዜ አራተኛ ክፍል ነበር። የሚያነበውም ሥዕል እያየ ነበር። ገጹ ላይ ላም ካለች፣ ከሥር የተጻፈው ስለ ወተት ዋጋ ቢሆንም፣ "ላሚቱ ሣር ትበላለች" ይልሽ ነበር፣ ያውም በጣቱ እየተከተለ። ስለዚህ እናታችን አጥኚዎቹን እንደ ሐኪም ነበር የምትጠብቃቸው።

ጋሽ ጸጥታ ግን ጥናት ማለት ቁጥጥር መሰለው። ሐኪም መጣ ሲባል በሽተኛውን አልጋ ሥር የሚደብቅ ሆስፒታል ካላየሽ፣ እኛ ጋ ነይና እይ። ከአራተኛ ክፍል ማንበብ ያልቻሉትን ሁሉ ለቅሞ ቤተ ሙከራው ውስጥ ከተታቸው። ቤተ ሙከራ ማለት አሁን የተሰበረ ዴስክ ማከማቻ ነው። ከአራተኛ ክፍል የሚለየው አንድ የኮምፔርሳቶ ግድግዳ ብቻ ነው፤ ወዲያ ማዶ ሲያስነጥሱ ወዲህ ማዶ ይማርሽ ይባላል። ለልጆቹ ጠባቂ ያደረገው ማንን ይመስልሻል? እኔን። አጥኚዎቹ የእኛም ክፍል ቢገቡ በምላሷ ታዋርደኛለች ብሎ ፈርቶ ነው። ጅብን ሥጋ ጠብቅ ማለት እንዲህ ነው። አንዲት ድምፅ ብሰማ ከአንቺ ራስ አልወርድም አለኝ። እኔም አንገቴን ደፍቼ "እሺ ጋሼ" አልኩት። ለአባታችን ብነግረው "ዝም አይነቅዝም" አለ። ያን ቀን እንግዲህ ሁለት ቃል ተናገረ፣ ለነገሩ ክብደት ብሎ።

በቀኑ እኛ ዴስክ ላይ ተደራርበን ተቀመጥን። እኔ ጣቴን ከንፈሬ ላይ አድርጌ ልጆቹን አፍጥጬ አያለሁ። ከማዶ አጥኚዋ ሰላምታ ስትሰጥ ይሰማል። በኋላ እንዳየኋት መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ የምታንጠለጥል፣ ረጋ ያለች ሴትዮ ናት። ጋሽ ጸጥታ ያላሰበው ነገር፣ የልጆቹን ስም ከትምህርት ጽሕፈት ቤት ይዛ መምጣቷን ነው። ስም መጥራት ጀመረች። እታለም፣ ስሙ ሲጠራ አቤት ያላለ ሽንት ቤት ያጥባል የሚለው የራሱ የጋሽ ጸጥታ ደንብ ነው። የኔ እስረኞች ስማቸው በተጠራ ቁጥር አፋቸው እንደ ወፍ ጫጩት ይከፈታል፤ በጣቴ ነው መልሼ የምዘጋው።

ከማዶ የሚመልሰው እሱ ነው። የመጀመሪያዋን ተዛውራለች አላት። ሁለተኛው ታሟል። ሦስተኛውን ቤተሰቦቹ ይዘውት ሄደዋል። ሴትዮዋ፣ ይሄ ሁሉ ልጅ በአንድ ክፍል እንዴት ጠፋ ብላ ጠየቀች። ቀጥላ የጠራችው ማሙሽን ነው፣ ከነአባቱ ስም። ጋሽ ጸጥታ ሰበብ አለቀበት መሰለኝ፣ ትንሽ ዘገየና፣ እሱ ልጅ እንኳን አርፏል አላት። በድምፁ ላይ ደግሞ ሐዘን ጨመረበት። እሷም ደንግጣ "ነፍስ ይማር" አለች። እሱም (እኔ እንኳን ራሱን ይህን ያህል እንዲያጠምድ አልተመኘሁለትም ነበር) ተማሪዎቹን አስነሥቶ "እስቲ ለጓደኛችን አንድ ደቂቃ ጸጥታ" አለ።

ማሙሽ አየኝ። ሞቷል የተባለው እሱ መሆኑ ገብቶታል፤ ያሳሰበው ግን ሽንት ቤቱ ነው። እኔ ደግሞ ጫማሽ ትዝ አለኝ። ጣቴን ከከንፈሬ ላይ አነሣሁ።

"አቤት" አለ ማሙሽ።

ቀስ ብሎ ነው ያለው፤ ግን ጸጥታውን ያዘዘው ጋሽ ጸጥታ ራሱ ነውና ጥርት ብሎ ተሰማ። ከዚያማ ማን ያስቆማቸው። የተዛወረችው አቤት፣ የታመመው አቤት፣ ቤተሰቡ ይዞት የሄደው አቤት፣ ገና ያልተጠሩትም አቤት። ማዶ የቆሙት እየሳቁ ነው፣ ከሞት መነሣት በዓይናቸው ሳያዩ በጆሯቸው ሰሙ። ሴትዮዋ በሩን አስከፍታ ገባች። አንድም ክፉ ቃል አልተናገረችም። መነጽሯን አድርጋ የተሰበረ ዴስክ ላይ ተቀመጠችና ሟቹን አንብብልኝ አለችው። ገጹ ላይ ፍየል ነበረች። ፍየሊቱ ሣር በላች። ከዚያ የጠዋቱ ትምህርት ላይ መጀመሪያ የመዘገበችው እሱን ነው።

ለእናታችን ስነግራት ትስቃለች ብዬ ነበር። አልሳቀችም። በማግስቱ ጥቁር ልብስ ለበሰች፣ ያንን የአክስታችንን ጥቁር ሻርፕ ተከናንባ ወጣች። አባታችን ከበር ላይ "ተይ" አላት፤ የቀኑ ቃል አለቀች። ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገብታ፣ ወንበር ስባ፣ በሩ አጠገብ ቁጭ አለች። ነገሩን ያልሰሙ መምህራን ከል የለበሰች ሴት ሲያዩ እየገቡ እግዜር ያጽናሽ ይሏታል። የስፖርት መምህሩማ፣ ያ በፉጨት የሚያደነቁረን፣ እጇን ይዞ አለቀሰ። ጋሽ ጸጥታ ሲገባ ቢሮው ለቅሶ ቤት ሆኗል። እናታችን ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ፣ ልጄን የት እንደቀበሩት እንዲነግሩኝ ነው የመጣሁት አለችው። ወይዘሮ፣ የአፍ ወለምታ ነው አላት። እሷም፣ ትልቋን ድንጋይ ብለው ሲያባርሩብኝ አመስግኜዎት ሄድኩ፤ ያን ጊዜ ያላለቀስኩትን አሁን አብሬ ላልቅሰው ብዬ ነው አለች። እታለም፣ እኔ በመስኮት ነበርኩ። እዚያ ቢሮ ውስጥ ያንቺ ስም ተጠራ። አቤት የሚልልሽ ስላልነበረ እኔ በልቤ አልኩልሽ።

ጋሽ ጸጥታ ተሸነፈ ብለሽ እንዳትደሰቺ። ክብሩን ለማዳን፣ በእንግዳ ፊት ሥርዓት ያፈረሰ በሰልፍ ላይ ይቅርታ ይጠይቅ ብሎ ወሰነ፤ አስቀድሞ አቤት ያለው ማሙሽ ነውና እሱ። እኔ ገባሁና፣ ይቅርታውን በጽሑፍ ያቅርብ፣ ራሱ ያንብበው አልኩ። ሳቀ። መምህራኑ ሁሉ እየሰሙ፣ ያንብባ፣ እስኪያነብ እጠብቃለሁ አለ። ድንጋይ አያነብም ብሎ ነዋ።

ጽሑፉን እኔ ጻፍኩት። ማሙሽ ጠዋት ጠዋት ከእኩዮቹ ጋር ፊደል በካርድ እየቆረጡ፣ እየገጣጠሙ፣ እያፈረሱ ተማረ። አስተማሪዋ ያልያዘውን ትደግምለታለች እንጂ አትሰድበውም፤ ነገሩ ሁሉ ይኸው ነበር። ማንበብ የጀመረ ሰሞን የሳሙና መጠቅለያ ሳይቀር እያነበበ ቤቱን አወከው። አባታችን "ጸጥታ" ብሎት ሁላችንም በሳቅ ወደቅን።

በዚህ ሳምንት አጥኚዋ ለውጡን ልታይ ተመልሳ መጣች። በጠዋት ሰልፍ እጄን አውጥቼ፣ ማሙሽ ለይቅርታው ተዘጋጅቷል አልኩ። ጋሽ ጸጥታ ሴትዮዋን አየ፣ መምህራኑን አየ፣ እጠብቃለሁ ያለው ትዝ አለው። ማሙሽ ወጣ፣ አንቺ በቆምሽበት ቦታ ላይ ቆመ። አንድ አንድ ፊደል እየለቀመ ነው የሚያነበው፤ ፀሐይዋ የጋሽ ጸጥታ መላጣ ላይ ወጥታ ትጠብቃለች። ሦስት ዐረፍተ ነገር ናት። "ስሜ ሲጠራ አቤት ስላልኩ ይቅርታ። ታላቅ እህቴ በቆመችበት ቦታ ስለ ቆምኩ ይቅርታ።" ሦስተኛዋ ላይ ተንተባተበ። ጋሽ ጸጥታ ይበቃል ሊል አፉን ከፈተ፤ ሴትዮዋ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገችበት። ማሙሽም ጨረሰ፦ "ሞቷል ከተባልኩ በኋላ በሕይወት ስለ ተገኘሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ።"

ጸጥታ ሆነ፣ ማንም ሳያዝ።

አባታችን ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት አይሆንም ብሎ መከረኝ፤ የሳምንቱን ቃል በሙሉ አወጣብኝ። እኔ ግን ጸሎቱን ለእሱ ትቼለታለሁ። እናታችንም ጥቁር ሻርፗን አላወለቀችም። ጠዋት ጠዋት በትምህርት ቤቱ በር በኩል ታልፋለች፤ ጋሽ ጸጥታ ሲያያት መንገድ ይሻገራል። ብታወልቂውስ ስላት፣ የማሙሽን አውልቄያለሁ፣ ይሄ የትልቋ ነው አለችኝ። ስለዚህ ውሳኔው ያንቺ ነው። ይብቃው ካልሽ ታወልቀዋለች፤ አይብቃው ካልሽ እሱ መንገድ ይሻገራል። እኔ አይብቃው ባይ ነኝ። ግን አብራሽ ያለችው ልጅ አትጻፍልሽ፤ ቃሏን በራስሽ እጅ ጻፊያት፣ ብትዘገዪም እንጠብቃለን።

እናታችን ግንባርሽን ስማሻለች። አባታችን ለዛሬ የቀረችውን ቃል ላንቺ አድርጓታል፣ "በርቺ" ብሏል። አክስታችን ሻርፗ መቼ እንደሚመለስላት ትጠይቃለች፤ እሱንም አስቢበት። ሟቹ ወንድምሽ ከአጠገቤ ሆኖ የጻፍኩትን በጣቱ እየተከተለ ያነባል፣ ስለዚህ ስለ እሱ ከዚህ በላይ መዋሸት አልቻልኩም።

ምላሷ ረጅም እህትሽ

ከቤታችን፣ ከመስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛ
እሑድ፣ ኅዳር 12 ቀን