ከንፈር የመጠጠ ይቀጣል

ሰኞ
ማህደር ዛሬም ትምህርት ቤት አልሄደችም። ሦስተኛ ሳምንቷ ነው። የእህቴ ልጅ ገና አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷን ማመም ከጀመራት ግን ሁለት ክረምት አለፈ። ማርቆስ ከተማ ያያት ሐኪም "ቶሎ የሚለቅ አይደለም፤ መድኃኒቷን እየወሰደች ትንቀሳቀስ" ብሏል። እሷ ከአልጋ አልወርድም አለች።

"ጋሼ፣ ሕመሙንስ ለምጄዋለሁ። ሰው ሁሉ ከንፈሩን እየመጠጠ ሲያየኝ ነው የማልችለው።"

እውነቷን ነው። ዛሬ የመጣ ጠያቂ፦ አምስት። ከንፈር መጣጭ፦ አምስት።

ማክሰኞ
ሕግ አወጣሁ። ካርቶን ላይ ጽፌ በሩ ላይ ለጠፍኩ፦ "ከንፈር የመጠጠ ልጅ ሆኖ ያጠፋውን ይናዘዛል።" እህቴ "ጠያቂ ልታባርርብኝ ነው!" ብላ ተቆጣች።

መጀመሪያ የተያዙት ጎረቤታችን እትዬ ውዴ ናቸው። ገና ሳይቀመጡ "እኔን ልጄ! ምጽ!" አሉ። ሕጉን አነበብኩላቸው።

"አንተ ወስላታ!" አሉኝ። ቢሆንም ተናዘዙ። በሁዳዴ ቋንጣ ሰርቀው በልተው በድመቷ አሳበዋል። ድመቷ ተገርፋለች።

ማህደር "ይቅርታ ጠየቋት?" ብላ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እህቴም ቁጣዋን ረሳች።

ረቡዕ
እኔው ተያዝኩ! ጠዋት ስትነሳ ጉልበቷ ሲይዛት ሳላስበው ምጽ አልኩ።

"ጋሼ፣ ተናዘዝ!"

ራዲዮ መጠገን የተማርኩት የአባቴን ራዲዮ ፈትቼ መግጠም ሲያቅተኝ ነው። እሳቸው እስከ ዛሬ ባትሪው የከዳቸው ይመስላቸዋል።

ሳቋ ሲያበቃ፣ ማንም ሳይጠይቃት እሷም ተናዘዘች። መንገድ ላይ ይዞኝ ሰው ፊት እንዳላለቅስ እፈራለሁ አለች። ይህን አልቀለድኩበትም። መንገዱን አብረን ከፋፈልነው፦ እስከ ወፍጮ ቤቱ፣ እስከ ድልድዩ፣ እስከ ትምህርት ቤቱ በር። በየመሃሉ ዕረፍት።

ሐሙስ
ወፍጮ ቤቱ ጋ ያዛት። ተቀምጣ ቀስ እያለች ተነፈሰች፤ ትንሽ አለቀሰች። ወፍጮው ስለሚጮህ ማንም አልሰማትም። "ለዛሬ ይበቃኛል" አለችና ተመለስን። እኔ ከፋኝ፤ እሷ ግን ምሳዋን ጥርግ አድርጋ በላች።

ዓርብ
ብቻዋን ሄደች! ከኋላ ስከተላት ዞር ብላ "ተመለስ እንጂ፣ ሱቅ የለህም?" አለችኝ።

በምሳ ሰዓት አልመጣችም። ለጥገና የመጣ የሰው ስልክ እንደፈታሁ ትቼ ሮጥኩ። ድልድዩ ላይ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ተቀምጣ አስተማሪያቸውን እያስመሰለች ታስቃቸዋለች።

"አመመሽ?"

"በጣም።" እጇን ዘረጋችልኝና አስነሳኋት። "ምነው ነገ ቅዳሜ ባልሆነ!"