አባትህ ለፖሊስ ሲደውል

ለልጄ ለሩአሪ፤ ካለህበት ከነልጆችህ ደህንነትህን ያሰማኝ። እኛ ከስኮትላንድ ዝናብ በቀር ክፉ አላገኘንም።

አጋዘኖቹ ችግኙን ስለፈጁት አባትህ ትናንት ጠመንጃውን አነሳ። ጎረቤት ተኩስ ሰምቶ እንዳይደነግጥ፣ እንደ ልማዱ አስቀድሞ ለፖሊስ ደወለ። ሻዩን ሳይጨርስ ደግሞ ደወለ። ፖሊሷ፣ «አቶ ዱጋልድ፣ አሁን ነግረውኝ የለም እንዴ? ለአጋዘኑም ደውለውለታል?» ብላ ሳቀች። ቆይቶ እንደገና ሲደውል ግን፣ «እስቲ ባለቤትዎን ያገናኙኝ» አለች።

ከዚያ የጎረቤታችን የኢሽቤል ቡናማ ውሻ በአጥሩ ብቅ ሲል፣ «ዝም በይ፣ መጣልሽ አጋዘኑ!» አለኝ። ቀልዱን ነው።

ለገና እመጣለሁ ብለሃል፤ ቀደም ብትል ምን ይልሃል? ሚስትህን ሳምልኝ። አሁን ልነሳ፤ አባትህ የጠመንጃውን ሣጥን ቁልፍ ፈልጊልኝ እያለ ነው። ቁልፉ በሽርጤ ኪስ ውስጥ ነው፤ ቢሆንም አብሬው እፈልጋለሁ።

እናትህ ሞራግ