ፍሬኑ አልነበረም

ታሪኩ ዓለሜ፣

ከተለየኸኝ ሰባት ወር ሆነ። እንደ ደህና ሰው ሰላምታ ላስቀድም ብዬ ነበር፤ አልሆነልኝም። ደህና አይደለሁም።

የጓሮው ቡና ዘንድሮ ጥሩ ፍሬ ይዞ ነበር። ለቃሚ አልጠራሁም፤ እዛፉ ላይ ደረቀ። የሚኒባስ ጥሩምባ በሰማሁ ቁጥር ዛሬም ምሳህን ላሞቅ እነሳለሁ፤ ከዚያ መልሼ እቀመጣለሁ።

ሁለት ዓመት ሙሉ ሳትወድቅ ስትቆይ፣ ጸሎት ቤት ቆመህ ከሚጥል በሽታ ተፈወስኩ ብለህ እንድትመሰክር የገፋፋሁህ እኔ ነኝ። ደግፎ የያዘህ መድኃኒቱ መሆኑን ሐኪሙ ነግሮን ነበር። ቤት ገብተን ኪኒንህን ስታወጣ ግን የመሰከረ ሰው ኪኒን ይውጣል ወይ ብዬ ፊቴን አጠቆርኩብህ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ተውከው። መንጃ ፈቃድህን ልታሳድስ ስትሄድም ወድቀህ ታውቃለህ ወይ ሲሉህ አላውቅም አልክ። ያንንም ጎሽ ብዬልሃለሁ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ወደቅህ። ሁለቱንም ጊዜ በሩን ዘግቼ ክብሪት አስሸተትኩህ፤ ጎረቤት እንዳያይ። ስትነቃ መንዳቱን ትንሽ ልተወው አልከኝ። ሰው ምን ይላል አልኩህ። ታሪኩ፣ እንዲህ ነው ያልኩህ።

ከማሻ ስትመለስ የጌጫን ቁልቁለት ወርደህ አልጨረስከውም። ሁለት ተሳፋሪዎችም አብረውህ ሞቱ። ጋቢና የነበረችው ሴትዮ ተርፋ፣ መጀመሪያ እጁ ደረቀ፣ አንገቱ ዞረ ብላ ብትናገር ደንግጣ ነው ብለው ተዉአት። ከተማው ሁሉ ፍሬን እምቢ ብሎት ነው አለ። ፍሬኑን የጠገነው ደምሴ፣ ያ ሚዜህ፣ ይኸው ታስሯል። ሚስቱ ስንቅ ይዛለት ስትሄድ በደጃችን ታልፋለች። እንዴት ከረምሽ ትለኛለች፤ እኔም እግዚአብሔር ይመስገን እላታለሁ። በዚህ አፌ።

ዝም ያልኩት ስምህን ልጠብቅ ብዬ ነው እያልኩ ራሴን ሸነገልኩ። የጠበቅኩት የራሴን ነው። ከእንግዲህ አልችልም። ነገ ጠዋት ፖሊስ ጣቢያ ገብቼ ያለውን ሁሉ እናገራለሁ። ከዚያ ለሚስቱ፣ ከዚያም አንተን ባስቆምኩበት ጉባኤ ፊት። ምን እንደሚያደርጉኝ አላውቅም። የሁለቱን ሟቾች ቤተሰቦች በየትኛው ዓይኔ እንደማያቸውም አላውቅም።

እስክሞት አስታውስሃለሁ፣ ዓለሜ። ታመህ እንደነበርም ጨምሬ።

ሚስትህ አልማዝ