የደረት ሕመምተኞችን ያልካዱት የሲስተር የሻረግ ገብረ ኢየሱስ የሕይወት ታሪክ

ሲስተር የሻረግ ከአባታቸው ከመሪጌታ ገብረ ኢየሱስ ውቤና ከእናታቸው ከወይዘሮ ካሣነሽ ይርዳው ጥቅምት 21 ቀን 1935 ዓ.ም. በጋይንት አውራጃ፣ ቤተ ልሔም ተወለዱ። አባታቸው ከድጓ ተማሪዎቻቸው ጎን አስቀምጠው ፊደልና ዳዊት አስተማሯቸው። ሴት ልጅ ከደቀ መዝሙር ጋር ምን ትሠራለች እየተባለ ሲወራም መሪጌታ ልጃቸውን ከተቀመጡበት አላስነሱም።

ዘመናዊ ትምህርታቸውን በነፋስ መውጫና በደብረ ታቦር ተከታትለው በ1952 ዓ.ም. ጎንደር ገቡ፤ በ1955 ዓ.ም. በኮሙኒቲ ነርስነት ተመርቀው አርብ ገበያ ክሊኒክ ተመደቡ። በ1958 ዓ.ም. ከመምህር መንግስቴ ጌጡ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ቀለመ ወርቅንና ዓለምጸሐይን ወልደዋል።

ሲስተር የሻረግ ሕመምተኛ ሲመጣ መሣሪያ ለማንሣት አይቸኩሉም ነበር። መጀመሪያ የሚጠይቁት ምን ሲሠራ እንደሚጀምረውና ምን ሲያደርግ እንደሚተወው ነው። በተለይ ደረቴን ያፍነኛል ለሚሉ ሰዎች የለዩት አንድ ደብተር ነበራቸው። አንጃይና የሚባለው የልብ ሕመም ሰውዬው ዳገት ሲወጣ ወይም ሸክም ሲያነሣ ይይዘውና ሲያርፍ ይለቀዋል። ስለዚህ ክሊኒክ ደርሶ አግዳሚ ላይ የተቀመጠ ሕመምተኛ ብዙ ጊዜ ደኅና ይመስላል። እሳቸው ግን ሕመሙ ባለበት ሰዓት የልብ ምቱን፣ የደም ግፊቱንና አተነፋፈሱን ለክተው ለመመዝገብ በገበያ ቀን ወደ ገበያው የሚያስወጣው ዳገት አናት ላይ ወጥተው የሚጠብቁበት ጊዜ ነበር።

በኅዳር ወር 1978 ዓ.ም. ለሰፈራ የተመዘገቡ ገበሬዎች በክሊኒኩ እንዲመረመሩ ታዘዘ። ከነዚያ መካከል አቶ ይግዛው የተባሉ የስማዳ ሰው ነበሩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሞፈር ተሸክመው ሽቅብ ሲወጡ ደረታቸውን እንደ ወፍጮ ድንጋይ እየተጫነ፣ ግራ ክንዳቸውንና መንጋጋቸውን ሲያማቸው የኖሩ የሲስተር የቆዩ ሕመምተኛ ናቸው። በዚያን ዕለት ግን ከማለዳ ጀምሮ ተቀምጠው ተራ ሲጠብቁ ስለዋሉ የልብ ምታቸው ሰባ አራት፣ የደም ግፊታቸው መቶ ሃያ አምስት በሰማንያ ሆኖ ተገኘ። ዘመቻውን የሚመራው ኃላፊ ካርዱን አይቶ ሰውዬው ጤነኛ ስለሆኑ እንዲፈረምላቸው አዘዘ።

ሲስተር ደብተራቸውን አውጥተው ገለጡለት። አቶ ይግዛው ዳገቱን ጨርሰው ደረታቸውን ይዘው በቆሙ ጊዜ የልብ ምታቸው መቶ አሥራ ስምንት፣ የደም ግፊታቸው መቶ ሰባ በመቶ፣ ግንባራቸውም በላብ የራሰ እንደነበር ተጽፏል። ኃላፊው ፍርሃትም የልብ ምት ይጨምራል ብሎ ተከራከረ። እሳቸውም፣ «የዛሬው ቁጥር የተቀመጠ ሰው ቁጥር ነው፤ ይህ ሰው ሲቀመጥ አያመውም። እዚያ የምትወስዱት ግን ሊቀመጥ አይደለም፤ ጫካ ሊመነጥር ነው» አሉት።

ኃላፊው ካልፈረሙ በራሳቸው ላይ ምን እንደሚከተል ነገራቸው። ሲስተር የሻረግ እስክሪብቶውን ወደ እሱ ገፋ አደረጉና፣ «እንግዲያው እርስዎ ይፈርሙበት» አሉ። ኃላፊው እስክሪብቶውን አላነሣም።

አቶ ይግዛው ፊርማ ስላልተገኘላቸው ቀሩ። ዛሬም በስማዳ ከልጆቻቸው ጋር አሉ። ሲስተር የሻረግ ግን በማግስቱ ታስረው አሥራ አንድ ቀን ከቆዩ በኋላ ከክሊኒክ ኃላፊነታቸው ተነሥተው ወደ እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ተዛወሩ። አጥፍቻለሁ ብለው ቢጽፉ ወደ ቦታቸው እንደሚመለሱ ቢነገራቸውም አልጻፉም። ባለቤታቸው ዝውውር ጠይቀው ተከተሏቸው፤ ሲስተርም መካነ ኢየሱስ በደረሱ በሳምንቱ አዲስ ደብተር ከፈቱ።

በ1980 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ ሥራ ሲሄዱ ያው ሕመም የራሳቸውን ደረት ያዘ። መንገድ ዳር ቆመው የልብ ምታቸውን በጣታቸው ቆጠሩና ሲለቃቸው ሥራ ገቡ። ሐኪም ዘንድ ቀርበው ከምላስ ሥር የሚቀመጥ ኪኒን ታዘዘላቸው። መሥሪያ ቤቱ በሕመም ምክንያት ጡረታ ሊያወጣቸው ሲነሣ በጽሑፍ የመለሱት አጭር ነበር፦ «ሕመሜ ምን ስሠራ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ዳገት አልወጣም፤ ሕመምተኛ ግን አያለሁ።» እንዳሉትም ኪኒናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው አንድ ዓመት ተኩል ሠሩ።

ሰኞ ሚያዝያ 9 ቀን 1981 ዓ.ም. ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ለሥራ ሲዘጋጁ ሕመሙ ያዛቸው። ሁለት ጊዜ ኪኒን ቢወስዱም አልለቀቃቸውም። ልጃቸው ዓለምጸሐይ ስታለቅስ እጃቸውን ዘረጉላትና፣ «ቁጠሪና ጻፊው» አሏት። እሷም የእናቷን እጅ ይዛ ቆጠረች፤ መቶ ሠላሳ ሁለት ብላ ጻፈች። ሦስት ሰዓት ሳይሞላ በተወለዱ በአርባ ስድስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

እናታቸውን ወይዘሮ ካሣነሽን፣ ባለቤታቸውን መምህር መንግስቴን፣ ልጆቻቸውን ቀለመ ወርቅንና ዓለምጸሐይን፣ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ያከሟቸውን ብዙ ሰዎች ትተው አልፈዋል።

ይህ ጽሑፍ ከመነበቡ በፊት ስለ አሥራ አንዱ ቀን እስር የሚናገረውን እንድናወጣ ተመክረን ነበር። እኛ ቤተሰቦቻቸው ተሰብስበን ተነጋገርንበትና አላወጣንም።

እግዚአብሔር የደከመ ልባቸውን ዳገት በሌለበት ያሳርፍልን፤ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ አባቶች ከአብርሃም፣ ከይስሐቅና ከያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን፤ ለምንቀረው መጽናናቱን ይስጠን። አሜን።