ተራ ያስያዙን እትዬ ሬዲዮ

እትዬ ሬዲዮ ከፀጉር አስተካካዩ አባታቸውና ከልብስ ሰፊዋ እናታቸው፣ ከፀጉር ቤቱ ጀርባ ባለችው አንዲት ክፍል ተወለዱ። ስም ወጥቶላቸው ነበር፤ ነገር ግን አፋቸውን ከፈቱበት ዕለት ጀምሮ የሚዘጋቸው ስላልተገኘ ሰፈሩ "ሬዲዮ" አላቸው፤ "እትዬ" የሚለውን እኛ ታናናሾቻቸው ጨመርንበት። ይህን ታሪክ የጻፍኩት የመጨረሻዋ እህታቸው ነኝ። እሳቸው ባሉበት አንድ ዓረፍተ ነገር ጀምሬ የጨረስኩበት ቀን ትዝ ስለማይለኝ፣ ዛሬ ወሬ ባበዛ ታገሱኝ።

ያደጉት በፀጉር ቤቱ አግዳሚ ወንበር ላይ ነው። አባታችን የነበራቸው የመቁረጫ ወንበር አንድ ብቻ ነበርና፣ ባለሥልጣንም ይምጣ ተሸካሚ፣ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ተራውን ይጠብቃል። አንድ ባለመኪና ነጋዴ "ቸኩያለሁ" ብለው ሊቀድሙ ቢሞክሩ፣ አባታችን ምላጩን አስቀምጠው "ጌታዬ፣ ፀጉርዎ እስከ ዛሬ ካደገ፣ እስቲ ትንሽ ደግሞ ይደግ" አሏቸው። እትዬ ይህን በየቤቱ ዞረው አወሩት።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በሰፈራችን ትምህርት ቤት ገብተው እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል በጥሩ ውጤት ተማሩ። አስተማሪዎቻቸው ወሬያቸውን ለማስቆም ቦታ ይቀያይሯቸው ስለነበር፣ በየክፍሉ ያልተቀመጡበት ወንበር፣ ያላዋሩት ልጅ አልነበረም። በሃያ ዓመታቸው ስልክ ቤት ተቀጥረው ጥሪ ማገናኘት ጀመሩ። ሥራቸውን ይወዱ ነበር፤ ችግሩ ካገናኙ በኋላ ከመስመሩ አይወጡም። ባልና ሚስት ሲጨቃጨቁ መሃል ገብተው "እሷ እውነቷን ነው" ማለታቸው ከተሰማ በኋላ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ተዛወሩ፤ ጡረታ እስኪወጡም እዚያው በቅንነት አገለገሉ።

በሃያ አምስት ዓመታቸው ከሰዓት ሠሪው ባለቤታቸው ጋር በጋብቻ ተሳስረው ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ልጅ አፈሩ። ጋሼ ዝምተኛ ናቸው። ትዳራቸው እንዴት እንደሰመረ ሲጠየቁ "እንጃ፣ እሷን ጠይቋት" ይላሉ።

የበኩር ልጃቸው ትምህርት ቤት በገባ ዓመት የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆኑ። ትምህርት ቤቱ ከየአቅጣጫው የመጣ ሰው ልጁን የሚያስተምርበት ነው፤ በአንድ ክፍል ውስጥ አራት አምስት ቋንቋ ይሰማል። በስብሰባ ቀን ግን የሚሰማው የፊት ወንበሮች ድምፅ ብቻ ነበር፦ የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት፣ ጠበቃው፣ ርዕሰ መምህሩ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ እትዬ። ከኋላ፣ በሩ አጠገብ፣ ልብስ አጣቢዎች፣ ተሸካሚዎችና የሌሊት ዘበኞች ይቆማሉ። እጅ አውጡ ሲባሉ ያወጣሉ። እትዬም "በሙሉ ድምፅ ጸድቋል!" ብለው ያጨበጭቡላቸዋል። ዝም ያሉት ስለተስማሙ ይመስላቸው ነበር።

አንድ ዓመት ትምህርት ቤቱ እንግዶች ሊቀበል ሆነና፣ እትዬ የልጆቹን ሁሉ ባህል የሚያሳይ ዝግጅት አሰናዱ። ማን ምን እንደሚለብስ፣ ማን ምን እንደሚዘፍን ብቻቸውን ደለደሉ። ከወንዝ ማዶ ለመጡት ልጆች የመረጡላቸው ዜማ፣ ከዚያው የመጡት ጎረቤታቸው ልብስ አጣቢዋ በገንዳቸው ላይ አጎንብሰው ሲያንጎራጉሩት በአጥር በኩል ሰምተው የወደዱትን ነው። ትንሽ ቀዝቀዝ ስላለባቸው ፈጠን አድርገው ጭብጨባ ጨመሩበት። በዕለቱ ልጆቹ እየዘለሉ ሲዘፍኑ ከኋላ የቆሙት እናቶች ማልቀስ ጀመሩ። እትዬ እንባውን ሲያዩ በደስታ ነው ብለው ልባቸው ተነካ፤ ብድግ ብለውም "ድገሙት!" አሉ። ተደገመ። የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት መሃል ገብተው ጨፈሩ።

ዝግጅቱ ሲያልቅ ልብስ አጣቢዋ ወደ እትዬ መጡ። "ይሄ የለቅሶ ነው። እናቴን የቀበርኩበት ነው" አሏቸው።

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ማን ጠየቀኝ?"

እትዬ ያን ዕለት ቤት ገብተው ዝም እንዳሉ እራታቸውን በሉ፤ ጋሼ ደንግጠው ትኩሳት ይኖር እንደሆነ ግንባራቸውን ዳሰሱ። በሚቀጥለው ስብሰባ የአባታችንን የተራ ሕግ ይዘው መጡ፦ በአንድ ስብሰባ የተናገረ ሰው በሚቀጥለው ቁጭ ብሎ ያዳምጣል፤ ቋንቋው ለሚከብደው ሰው ከጎኑ አስተርጓሚ ይቀመጥለታል፤ ከኋላ የሚቆሙትም ወንበር ይሰጣቸዋል። ጠበቃው ሕጉን ለረጅም ጊዜ ተቃወሙ፤ በዚህም ቀጣዩን ስብሰባ ዝም ለማለት የመጀመሪያው ሰው ሆኑ።

ሕጉ የጎዳው ግን እትዬን ነው። የዝምታ ተራቸው ሲደርስ አፋቸውን ከረሜላ ሞልተው ይመጡ ነበር፤ የስኳር በሽታቸው የጀመረው በዚህ እንደሆነ ቤተሰቡ በሙሉ ያምናል። አንድ ጊዜ ርዕሰ መምህሩ ስብሰባው ከማታ ወደ ጠዋት ይዛወር የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ጠዋት ከሆነ ከኋለኞቹ አንድም ሰው እንደማይመጣ፣ ሁሉም ነገር ወደ ድሮው እንደሚመለስ እትዬ ገብቷቸዋል። ቀኑ ደግሞ የዝምታ ተራቸው ነበር። እኔም ልጄን እዚያው አስተምር ስለነበር አጠገባቸው ተቀምጬ ከረሜላውን በጥርሳቸው ሲሰባብሩት እሰማለሁ። ርዕሰ መምህሩ "እንግዲህ ተቃውሞ ከሌለ..." ሲሉ ልብስ አጣቢዋ እጃቸውን አወጡ።

"ጠዋት የሰው ልብስ አጥባለሁ። እሱ ይሸከማል። ያኛው ከዘብ ገብቶ ይተኛል። ጠዋት ብትሰበሰቡ ስለ ማን ልጅ ልታወሩ ነው?"

ስብሰባው ማታ ሆኖ ቀረ፤ ዛሬም ማታ ነው። እትዬ ያጠራቀሙትን በሙሉ ወደ ቤት ስንመለስ በእኔ ላይ አራገፉት፤ እኔም እንደ ልማዴ "እህ" እያልኩ ሰማሁ።

ላለፉት ሁለት ዓመታት ስኳሩ ኩላሊታቸውን ጎድቶ በሕክምና ሲረዱ ቆዩ። በተኙበት ክፍል ያሉትን በሽተኞች በሳምንት ጊዜ ውስጥ አደራጅተው፣ ሐኪሙ በየቀኑ መጀመሪያ የሚያናግሩትን ሰው በተራ አድርገውት ነበር። ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት በሰባ አንድ ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውንና አንዲት አዳማጭ እህታቸውን ትተውልናል።

ከማረፋቸው በፊት የቀብራቸውን ነገር አዝዘውኛል። ርዕሰ መምህሩና ጠበቃው ንግግር እንዳያደርጉ፤ "እነሱ በየቀብሩ ተናግረዋል" ብለዋል። ያ የልብስ አጣቢዋ ዜማ ግን እንዲሰማላቸው ተመኙ። "ሄደሽ ጠይቂያቸው፤ ደስ ካላላቸው ይቅር" አሉኝ። ሄጄ ጠየቅኋቸው። ልብስ አጣቢዋ እጃቸውን ከሳሙናው አውጥተው በቀሚሳቸው እየጠረጉ "እኔ ራሴ ላዜምላቸው አስቤ ነበር፤ እናንተን መጠየቅ ፈርቼ ነው" አሉ።

ዜማው ያለ ጭብጨባ፣ በራሱ እርጋታ ይዜማል። ማንም ሰው "ድገሙት" እንዳይል ቤተሰቡ በትሕትና ያሳስባል።

ከማክሰኞ ወዲህ የጀመርኩትን ዓረፍተ ነገር ሁሉ እጨርሳለሁ፤ የሚያቋርጠኝ የለም። አልወደድኩትም። ፈጣሪ የእህቴን ነፍስ ጨዋታ ከማያልቅበት፣ ማንም በር ላይ ከማይቆምበት ቤት ያሳርፍልን።

እትዬ፣ ዛሬ የዝምታ ተራዎ ነው። እኔም ተናግሬያለሁና እቀመጣለሁ። ተራው የልብስ አጣቢዋ ነው።