ስለ ቀለለው ቃታና ስለ በፍቃዱ ግራ ዓይን

ለክቡር አቶ እንግዳ ወልደዮሐንስ
የለምለም ሜዳ መዝናኛ ማዕከል ሥራ አስኪያጅ
ዲላ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለቤተሰብዎና በተለይም ለሁለቱም ዓይኖችዎ ያለኝን መልካም ምኞት በታላቅ አክብሮት አቀርባለሁ። ዓይኖችዎን ለይቼ የጠቀስኩት ሁለት ዓይን ይዞ ማደር ምን ያህል ጸጋ እንደሆነ እኛ ቤት በቅርቡ ስለገባን ነው። ደብዳቤውን በአደባባይ የጻፍኩትም ቢሮዎ በመጣሁ ቁጥር ጸሐፊዎ ስብሰባ ላይ ነዎት ስለምትለኝ ነው። ስብሰባው ሲያልቅ ያነቡታል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

እኔ ዘነቡ እባላለሁ፤ እዚሁ ዲላ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነኝ። በመግቢያ በርዎ ላይ በለጠፉት ማስታወቂያ «የሜዳውን ደንብ ጥሶ ጭንብሉን በማውለቅ በራሱ ላይ ጉዳት ያደረሰ» ብለው ለሌላው መማሪያ ይሆን ዘንድ ከነስሙ የጠቀሱት የበፍቃዱ ታላቅ እህት ነኝ።

ሜዳዎን ለማያውቁ አንባቢዎች በአጭሩ ላስረዳ። ለምለም ሜዳ ወጣቶች በሁለት ቡድን ተከፍለው፣ በአየር ግፊት በሚሠራ መሣሪያ የቀለም ጥይት እየተታኮሱ የሚጫወቱበት ቦታ ነው። ጥይቷ የጣት ጫፍ የምታክል፣ ቀለም የተሞላች ኳስ ናት። ልብስ ላይ ስትፈነዳ ቀለሟ ይታጠባል፤ ዓይን ላይ ስትፈነዳ ግን ታጥቦ የሚለቅ ነገር አይደለም፤ ተጫዋቾች ጭንብል የሚያደርጉትም ለዚህ ነው። ጨዋታው ጥሩ ጨዋታ ነው፤ ወንድሜም በጣም ይወደው ነበር። ቅሬታዬ በጨዋታው ላይ ሳይሆን በእርስዎ ላይ ስለሆነ በቅደም ተከተል እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ።

አንደኛ፣ ስለ ቃታው። መሣሪያዎቹ መጀመሪያ ሲመጡ ቃታቸው ጠንከር ያለ ነበር፤ አንድ ጊዜ ሲሳብ አንድ ጥይት ይተኩሳል፣ ጣት አስቦ ካልሳበው ደግሞ አይተኩስም። ከዚያ ከሐዋሳ ለወዳጅነት ጨዋታ የመጡ ልጆች አሸነፉና መሣሪያዎቻችሁ ጡረታ ይውጡ እያሉ ስቀው ሄዱ። እርስዎ ያቺን ሳቅ መዋጥ አቃተዎት። መሣሪያዎቹን ሰብስበው ሞተር ሳይክል የሚጠገንበት ጋራዥ ወሰዱና የቃታውን ሞላ አስቆረጡ፤ ብሎኑንም አስጠብቀው ቃታው የሚሄድባትን ርቀት ጥፍር አሳከሏት። ከዚያ በኋላ መሣሪያው ትንፋሽ እንኳ ሲነካው የሚተኩስ ሆነ፤ አንዴ ከጀመረም በራሱ ንዝረት ሦስት አራቱን አከታትሎ ይተፋል። መሣሪያ የሚያድለው ሙሉዓለም፣ ጠረጴዛ ላይ ሊያስቀምጠው ሲል ተኩሶ ግድግዳውን ቀለም እንዳለበሰበት መጥቶ ነግሮዎት ነበር። እርስዎም ፈጣን መሣሪያ ፈጣን ሰው እንደሚፈልግ መክረው መለሱት። ስለ ምክርዎ እናመሰግናለን።

ሁለተኛ፣ ስለ ጉብኝትዎ። በራስዎ ፊርማ በወጣው ደንብ መሠረት ማንም ሰው ሜዳ ከመግባቱ በፊት ፊሽካ መነፋት፣ ጨዋታው መቆም፣ የመሣሪያዎቹም አፈሙዝ በክዳን መሸፈን አለበት። እርስዎ ግን ፊሽካ የሚጠብቁ ሰው አይደሉምና ያን ቅዳሜ ጨዋታው በተፋፋመበት ሰዓት እንግዶችዎን አስከትለው፣ አዲሱን ፍጥነት ሊያሳዩአቸው ሜዳው መሐል ገቡ። እኛ አገር ታላቅ ሰው ሲመጣ ተቀምጦ መቅረትም ሆነ ፊትን ሸፍኖ ሰላም ማለት ነውር ነው። በፍቃዱ ከተደበቀበት የጎማ ቁልል ጀርባ ተነሣ፣ ጭንብሉን ወደ ግንባሩ ሰቀለና እጅ ሊነሣዎ ጎንበስ አለ። ከተቃራኒው ቡድን ፊት ለፊቱ የነበረው ቶሌራ፣ ከወለጋ መጥቶ ዩኒቨርሲቲ የሚማር ልጅ ነው። እሱንም ያሳደጉት ወላጆች ናቸው፤ በግራ እጅ ታላቅን መጨበጥ እንደማይገባ ያውቃል። ስለዚህ ቀኙን ለሰላምታ ሊያስለቅቅ መሣሪያውን ወደ ግራው አዛወረ፤ በዚህ መሐል ጣቱ ቃታውን ነካው። አልሳበውም፣ ነካው። የመጀመሪያዋ ጥይት አፈር መታች፤ ንዝረቱ አፈሙዙን ቀና ቀና አደረገውና የመጨረሻዋ የወንድሜ ግራ ዓይን ላይ ፈነዳች። እርስዎ እጅዎን ለሰላምታ እንደዘረጉ ነበሩ።

ቃታው እንደ ቀድሞው ቢሆን ኖሮ ቶሌራ ይጨብጥዎት፣ በፍቃዱም ጭንብሉን መልሶ ይጫወት ነበር። ይህን የምጽፈው በንዴት ነው፤ ደግነቱ የያዝኩት እስክሪብቶ ነው።

ሦስተኛ፣ ስለ ማስታወቂያዎ፤ እዚህ ላይ ትሕትናዬ ቢጎድል ይታገሡኝ። በፍቃዱ ከይርጋጨፌ ወደ ኮንጋና ኢዲዶ ቀበሌዎች ሰው በሞተር ሳይክል የሚያመላልስ ልጅ ነው። ሐዋሳ ያዩት ሐኪም ግራ ዓይኑ ብርሃንን ከጨለማ ከመለየት እንደማያልፍ፣ ቢሆንም በአንዱ ዓይን መንገድ መገመትን ቀስ በቀስ ሊለምድ እንደሚችል ነግረውናል። እሱም ተስፋ ሳይቆርጥ ጠዋት ጠዋት ግቢ ውስጥ ባልዲ እያስቀመጠ ርቀት መለካት ይለማመዳል። ቶሌራም እሑድ እሑድ እየመጣ ባልዲውን ያዛውርለታል፤ በእሱ ላይ ቂም የለንም። ግን ወንድሜ ቢለምድስ ማን ከኋላው ይቀመጣል? «ደንብ ጥሶ በራሱ ላይ ጉዳት ያደረሰ» ብለው ስሙን በር ላይ ሰቅለውታል። አንድ የቆየ ደንበኛው ዲላ መጥቶ ወረቀቱን አንብቦ ሌላ ሞተር እንደሚፈልግ ነገረው። ዓይኑ የጠፋ ዕለት ያላለቀሰው ልጅ ያን ዕለት አለቀሰ።

ስለዚሁ አንድ ቀን በር ላይ አግኝቼ ስጠይቅዎት «ጭንብሉን ያወለቀው ራሱ ነው፤ እኔ አውልቅ አልኩት?» ብለውኛል። እውነትዎን ነው፣ አላሉትም። ነገር ግን ሀምዲያ የተባለች ተጫዋች አምና ጭንብሏን ሳታነሣ ሰላም ስላለችዎ፣ ያልተቀጣች ብለው በሰው ሁሉ ፊት ከሜዳ አስወጥተዋታል። በፍቃዱ ያን ዕለት እዚያ ነበር። ያየውን ተማረ፤ የተማረውን አደረገ። ደንብዎ ጭንብል እንዳይወልቅ ያዛል፣ ክብርዎ ደግሞ እንዲወልቅ ያዛል፤ ልጆቹ የታዘዙት ክብርዎን ነው። አሁን ግን ደንቡን አውጥተው ቀጡት። ይህ ንጹሕ ግፍ ነው፣ ሌላ ጨዋ ስም ፈልጌ አጣሁለት።

የሐዋሳ ልጆች ለመልሱ ጨዋታ በሚቀጥለው ቅዳሜ እንደሚመጡና የመሣሪያዎቹም ቃታ እንደቀለለ መሆኑን ሰምቻለሁ። ስለዚህ አንድ ልመና አለኝ። ጨዋታው ሳይጀመር በተሰበሰበው ሕዝብ ፊት ከመሣሪያዎቹ አንዱን በቀኝ እጅዎ ይያዙልኝ፤ አፈሙዙን ወደ ግድግዳው ያዙሩት። ሁላችንም ጭንብላችንን አድርገን እኔ ከጎንዎ እቆምና ለሰላምታ እጄን እዘረጋለሁ። እርስዎም ሊጨብጡኝ መሣሪያውን ወደ ግራዎ ያዛውሩ። ግድግዳው ንጹሕ ከሆነ ማስታወቂያዎ እንደተለጠፈ ይቆይ፤ እኔም እዚያው ቆሜ ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ። ቀለም ከነካው ግን ወረቀቱን በገዛ እጅዎ ይንቀሉ፤ ሞላውንም ይመልሱ። የወንድሜን ዓይን መመለስ እንደማይችሉ አውቃለሁ፤ ስሙን ግን ወስደውበታል፣ እሱን ይመልሱለት።

የአክብሮትን ዋጋ በወንድሜ ዓይን ላስተማሩን ለእርስዎ፣ ፊቴን ሳልሸፍን፣ ቀኝ እጄን ዘርግቼ፣ ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሣ፣

የበፍቃዱ እህት ዘነቡ
ዲላ

ጨምሬ ላሳስብዎ የምፈልገው፦ በፍቃዱን መንገድ ዳር ተቀምጦ ቢያገኙት በግራው በኩል አይምጡ፤ አያይዎትምና ሳይነሣ ቢቀር ንቀት ይመስልዎታል። በቀኙ በኩል ይምጡ። ለእኚህ ሰው ሁለተኛ እንዳትነሣ ብዬ ብለምነውም እንቢ ብሎኛል፤ ይነሣልዎታል።